ቅዳሜ ግጥም ይዛችሁ ኑ

ውድ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ደብረ ብርሃን ውርጩ ገብቷል። ዛሬ ጠዋት ከቤቴ ጀርባ ያለው ገብስ ነጭ ሆኖ አደረ። ዛላው ላይ ጨው የነሰነሱበት ይመስላል። ጥቅምት እዚህ ደጋ ላይ እንዲህ ነው። እዚያው ቆሜ ይህችን ጻፍኩ፦

የመንዝ በርኖሴን ደርቤ ብወጣ፣
ውርጭ ገብሱን ይዞት ፀሐይ እስክትመጣ፤
እንባ ሆኖ ወረደ ጮራ ሲዳብሰው፣
ብርድም እንደ ሰው ነው ፍቅር የሚያስለቅሰው።

ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት እንደተለመደው እንገናኛለን። መጀመሪያ ተማሪዎቹ ያንብቡ። ባለፈው ሰዓት አልቆ ሳያነቡ ሄዱ፤ እስካሁን ይቆጨኛል። ከአንኮበርና ከመሐል ሜዳ የምትመጡ መኪና እንዳያመልጣችሁ ከእነሱ ቀጥላችሁ ታነባላችሁ። ቡና አለ። ቆሎ የምታመጡ ቀድማችሁ ንገሩኝ።