ለእታለም፦ «ግጥም ምን ይሠራል?» ላልሽኝ

ለምወድሽ እህቴ ለእታለም፣

እንደምን ከርመሻል? እማዬስ እንዴት ናት? ጉልበቷን አሁንም ያማታል? ልጆቹስ? እኔ ደህና ነኝ። «ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ» ብሎ መጻፍ ወጉ ነበር። ዘንድሮ ግን በናፍቆቱ ላይ ሌላም ተጨምሯል፣ ታውቂዋለሽ።

ባለፈው ስንደዋወል «ለመሆኑ እንዴት አድርገህ ቻልከው?» ስትዪኝ «ግጥም እያነበብኩ» አልኩሽ። ሳቅሽ። ከዚያ ትንሽ ዝም አልሽና «ግጥም ምን ይሠራል አንተ ልጅ? ጸበል ሂድ፣ ሰው አናግር» አልሽኝ። ኔትወርኩ ተቆራረጠና ሳልመልስልሽ ቀረሁ። ቢቀጥልም በስልክ የምችለው አልመሰለኝም፤ ስለዚህ ልጻፈው።

መጀመሪያ የአባዬን መርዶ ነገር ልንገርሽ፣ እስካሁን አላወራሁሽም። እንደ አገራችን ወግ ሳይነጋ ነው የመጡት። አብረውኝ የጭነት መኪና የሚነዱ ልጆችና ከቤተ ክርስቲያን ትልልቅ ሰዎች። በሩን ከፍቼ ፊታቸውን ሳይ ገባኝ። ጮህኩ። ወዲያው አንዱ በሩን ዘጋው፣ ሌላው ትከሻዬን ይዞ «ቀስ በል፣ ጎረቤት ፖሊስ ይጠራል» አለኝ። አልተቀየምኩትም፣ እውነቱን ነው፣ በዚህ አገር ግድግዳው ስስ ነው፣ ጩኸት ከተሰማ ሰው እየተደበደበ ነው ብለው ይደውላሉ። ግን አስቢው እታለም፤ አባቴ ሞቶ ቀስ ብዬ አለቀስኩ።

ሰው አልጎደለብኝም፣ ይህን ለእማዬ ንገሪልኝ። ቤቴ ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ነበረበት። እንጀራው፣ ወጡ፣ ውሃው፣ ቡናው ሁሉ በሰው እጅ መጣ። ካርታ የሚጫወቱም ነበሩ፤ ዳላስም ቢሆን ለቅሶ ቤት ያለ ካርታ አይሆንም። የጠፋው ግጥም የሚያወጣ ሰው ነው። እኛ ጋ ሐዘንተኛው ራሱ ቃል ፍለጋ አይደክምም፣ አልቃሿ ታመጣለታለች። የሟቹን ደግነት፣ ሙያውን፣ ማንን ትቶ እንደሄደ፣ ማን ሳይደርስለት እንደቀረ ሁሉ በሁለት በሁለት መስመር እያደረገች ታወርደዋለች፣ ሌላው ይቀበላታል፣ ሐዘንተኛው ደረቱን ይመታል። እዚህ ሁሉም «እግዚአብሔር ያጽናህ» ብሎ ይቀመጣል። እኔም «አሜን» እላለሁ። ከዚያ በአራተኛው ቀን ሁሉም ወደ ሥራው።

የላክሽልኝን የቀብር ቪዲዮ ያየሁት ኦክላሆማ ውስጥ፣ የጭነት መኪና ማቆሚያ ላይ ሆኜ ነው። ድምጹን ነፋስ በልቶታል። ግን አንዲት ሴትዮ ያወጡት ግጥም ጥርት ብሎ ይሰማል፦

ቤቱ እንግዳ ሞላ፣ ሰው ሁሉ ተጠርቷል፣
ግቡ ይል የነበር እሱ የት ዘግይቷል?

አባዬን ልክክ አላደረጉትም? በሩ ላይ ቆሞ «ግቡ፣ ግቡ እንጂ» ሲል አልታየሽም? ይቺን ሰምቼ ነው የልቤን ያለቀስኩት። መኪና ውስጥ ፖሊስ የሚጠራ ጎረቤት የለም።

ግጥም ፍለጋ የገባሁት ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ያገኘሁት ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ያለውን ነው፣ ከበስተኋላው ዋሽንት ያለበትን። «አይዞህ፣ ይነጋል፣ ተነስ፣ ትችላለህ» የሚለውን። አናደደኝ። እውነቴን ነው፣ አንዱን እየሰማሁ ስልኩን ወንበሩ ላይ ወረወርኩት። ይነጋል ማለት ምን ማለት ነው? ቢነጋስ አባዬ ይመጣል? እኔን የሚያሳርፈኝ አይዞህ የማይለኝ ግጥም ነው። የደረሰውን እንደደረሰ የሚናገር፣ ከዚያ የሚያቆም።

ትምህርት ቤት የተማርናትን «አዝማሪና የውሃ ሙላት» ታስታውሻለሽ? የከበደ ሚካኤልን። አዝማሪው ወንዝ ሞልቶበት ዳር ላይ ቆሞ ይዘፍናል፣ ውሃውን ያሞግሰዋል፣ ሆዱ ራርቶ እንዲያሻግረው። መንገደኛው መጥቶ ውሃ መቼ ሰምቶ ያውቃል ብሎ ይነግረዋል። ያኔ አዝማሪው ላይ ነበር የምንስቀው፣ አስተማሪያችንም ሞኝነቱን ነበር የሚያስረዱን። ሰሞኑን ደግሜ ሳነባት ግን ለአዝማሪው ወገንኩ። ውሃው እንደማይሰማ እኔም አውቃለሁ። ግን ምን ያድርግ? ቢገባ ይወስደዋል። ቢመለስ ቤቱ ማዶ ነው። ወንዝ ደግሞ ሞልቶ አይቀርም፣ ይጎድላል፣ እስኪጎድል ዳር ላይ መቆየት ነው። ሰውየው እየዘፈነ ቆየ፣ ዘሎ አልገባም። መንገደኛው ምን ይዞ መጣ? ምክር ብቻ! «ግጥም ምን ይሠራል?» ላልሽኝ ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

ሌላው ነገር መቁጠሩ ነው። እዚህ ሕጉ በአንድ ፈረቃ ከ11 ሰዓት በላይ መንዳት ይከለክላል፣ 11ዱን ግን እነዳለሁ፣ ብቻዬን። ወደ ማታ ላይ ሐሳብ ሲመጣ መሪው ላይ በጣቴ የግጥሙን ቀለም፣ ማለት የድምፅ ምቱን፣ እቆጥራለሁ። 6 ቀለም፣ ትንሽ እረፍት፣ 6 ቀለም። የወል ቤት የሚሉት እሱ ነው፣ የሴትዮዋም በዚያው ነው የሄደው። 5 በ5 ሲሆን ሰንጎ መገን ነው፣ ይፈጥናል፣ ለሐዘን አይመቸኝም። 8 በ8 የሚሄደው ደግሞ በባለቅኔው በጸጋዬ ገብረ መድኅን ስም «የጸጋዬ ቤት» ተብሎ ቀርቷል፣ እሱን ሞክሬ መንፈቁ ላይ ትንፋሽ አጠረኝ። አትሳቂ። አንድ ምሽት ይቺ መጣችልኝ፦

መንገዱ ሰፊ ነው፣ መኪናው ይሮጣል፣
የአባቴ ለቅሶ ግን በየት በር ይወጣል?

ጥሩ ግጥም ናት አልልሽም። ግን 12 ቀለም ውስጥ ለማስገባት ስታገል ሐዘኑ ልክ አገኘ። ከዚያ በፊት ልክ አልነበረውም።

አባዬ የተማሪ ቤቱን ሲያወራን ትዝ ይልሽ የለም? አኩፋዳውን ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ለምኖ፣ ቁራሹን በልቶ፣ ከዚያ ብቻውን ዛፍ ሥር ገብቶ ቅኔ ሲቆጥር። ጉባኤ ቃና የምትባለው ቅኔ ሁለት ቤት፣ ሁለት መስመር ብቻ ናት፣ ግን የትናንቱን ዛሬ ማለት አይቻልም፣ በየቀኑ አዲስ መምጣት አለበት፣ የኔታም ይነቅፋሉ። «ርሃቡን የረሳሁት በቅኔ ነው» ይል ነበር። እኔ ጉራውን ነበር የሚመስለኝ። አሁን አምኜዋለሁ።

ከዳላስ ወደ ኦክላሆማ ሲቲ ስጭን አንዳንዴ በዊቺታ ፎልስ በኩል ነው የምወጣው፣ መንገዱ ሎውተን የምትባል ከተማ ያደርሳል። የወታደር ሰፈርና የጎማ ፋብሪካ ያላት፣ ሜዳ ላይ የተዘረጋች ከተማ ናት። ገብረ ክርስቶስ ደስታ የሞተው እዚያ ነው፣ እንደ ፈረንጅ በ1981፣ ሃምሳ እንኳ ሳይሞላው። የሐረር ልጅ፣ ጀርመን ኮሎኝ ሥዕል ተምሮ ተመልሶ አዲስ አበባ ያስተማረ ሰው፣ «ሀገሬ»ን የጻፈ። ጸጋዬም ለኩላሊቱ ሕክምና መጥቶ ኒውዮርክ ነው በ2006 ያረፈው፣ እሱን ግን አገሩ አስገብተው ሥላሴ ካቴድራል ቀበሩት።

ሎውተን ስደርስ እጽናናለሁ ብዬ አልዋሽሽም። ይብስብኛል። ግን «ሀገሬ»ን የማውቀውን ያህል በቃሌ እለዋለሁ፣ ሳይገጥምልኝም እቀጥላለሁ። እዚያ ግጥም ውስጥ ደስ የሚለኝ ሰውየው አገሩን እየዘረዘረ መሄዱ ነው። እኔም ከእሱ ተምሬ አባዬን እዘረዝራለሁ። ጋቢው። ከዘራው። ቅዳሜ ማታ ሬዲዮኑን ጆሮው ላይ ሲለጥፍ። ሽሮው ላይ ቃሪያ ከጠፋ ሲያኮርፍ። አንቺን «እመቤቲቱ» እኔን «ይሄ ሰውዬ» ሲል። ሲዘረዘር አባዬ እንደገና ሰው ይሆንልኛል፤ ዝም ብዬ ሳስበው ግን ሬሳ ብቻ ነው የሚታየኝ፣ ያውም ያላየሁት ሬሳ።

ቤተ ክርስቲያን መሄዱን አልተውኩም፣ አትስጊ። ሰውም አናግሬያለሁ፣ አንድ የእኛ አገር ባለሙያ እዚህ አለ፣ እየሄድኩ ነው። ግጥሙ የዚያ ምትክ አይደለም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አርካንሳስ ውስጥ ግን ቄሱም ባለሙያውም ተኝተዋል፣ አንቺም ሥራ ላይ ነሽ።

ለምን አልመጣህም የሚሉ ዘመዶች እንዳሉ ሰምቻለሁ። ወረቀቴ ገና አላለቀም፣ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም፣ ይሄን ለአጎቴ በደንብ አስረጂልኝ። ከዚህ በላይ ስለሱ አልጽፍም።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ሁለት ነገር አድርጊልኝ። አንደኛ፣ ቀብሩ ላይ ግጥም ያወጡትን ሴትዮ ፈልጊያቸው፣ የማን ቤት ሰው እንደሆኑ እማዬ ታውቃለች። ያን ቀን ያወጡትን ሁሉ ያስታውሱ እንደሆነ ጠይቂያቸውና ጻፊው፣ ወይ በስልክ ቅጂውና በቴሌግራም ላኪልኝ። ቡናና ስኳር ይዘሽ ሂጂ፣ ባዶ እጅሽን እንዳትሄጂ። እማዬም የራሷን ካለች ያዢልኝ፣ ግን አታስጨንቂያት፣ ጥጥ ስትፈትል ዝም ብለሽ አጠገቧ ቁጭ በይ፣ ራሱ ይመጣል። ሁለተኛ፣ የአባዬ ሰማያዊ ደብተር ሳጥኑ ውስጥ ካለ ገጹን አንድ በአንድ ፎቶ አንሺልኝ። ግዕዙ አይገባኝም፣ እዚህ መሪጌታ አሉ፣ እሳቸው ይፈቱልኛል።

የሙት ዓመቱን ብር በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ እልካለሁ። በጉን ቀደም ብለሽ ግዢ፣ ለበዓል ሲቃረብ ዋጋው አይቀመስም። ለትንሹ ልጅሽ ጫማ ልኬያለሁ፣ በሰው ይደርሳችኋል፣ ቁጥሩ ከሰፋው ለከርሞ ይሆነዋል።

እማዬን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ፣
ከዳላስ