ስለ አረጋውያን ወተት ለማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ

ይድረስ ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ፣

ጤና ይስጥልኝ። አክስቴ የምትኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ነው። እሑድ እሑድ እጠይቃታለሁ። የቤቱን ስም አልጠቅስም፤ ሠራተኞቹ ባላቸው አቅም የሚለፉ ሰዎች ናቸው።

ባለፈው ክረምት ሽንት ቤት ስትሄድ አዳለጣትና ዳሌዋ ተሰበረ። «ልጄ፣ እንደ ዳቦ ቆሎ ቀጭ ነው ያለው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሳህኗን ማየት ጀመርኩ። ጠዋት ሻይ በዳቦ፣ ቀን ሽሮ፣ ማታ ምስር ወይ ያው ሽሮ። እንጀራውም ሩዝ በርክቶበታል። ጤፍ ጥሩ ካልሲየም (አጥንት የሚያጠነክር ማዕድን) አለው፤ ሩዝ ግን ከቁጥር አይገባም። ወተት መቼ እንደሚመጣ ስጠይቃት «ሰው ልደቱን ሊያከብር ሲመጣ» አለች። እሱም ቢሆን አብዛኛው ኬክና ለስላሳ ነው። (እኔም አንድ ጊዜ ያደረግሁት ይህንኑ ነው።)

በአሜሪካ መመሪያ ሴት ከ50፣ ወንድ ከ70 ዓመት በኋላ በቀን 1,200 ሚሊ ግራም ካልሲየም ያስፈልጋቸዋል። አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ገደማ ይሰጣል። አውስትራሊያ ውስጥ በ60 የአረጋውያን ቤቶች፣ ከ7,000 በላይ ሰዎች ላይ ለሁለት ዓመት ጥናት ተደርጎ በ2021 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ግማሾቹ ቤቶች ወተት፣ እርጎና አይብ ጨመሩ። ክኒን አይደለም፣ ምግብ ነው የጨመሩት። ካልሲየሙም ፕሮቲኑም ከፍ አለ። በእነዚያ ቤቶች የአጥንት ስብራት በ33 በመቶ፣ የዳሌ ስብራት ደግሞ በ46 በመቶ ቀነሰ።

«እዚህ ጾም አለ» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። አክስቴን የነፍስ አባቷ ፈቅደውላታል፤ እሷ ግን ረቡዕና ዓርብን «ይቅርብኝ» ትላለች። ሁዳዴማ 55 ቀን ነው። ስለዚህ የጾሙ ምግብ ለብቻው ይታሰብ። ሐበሻ ጎመን ጥሩ ነው። ቆስጣ ግን ያታልላል፤ ካልሲየም ቢኖረውም ሰውነት ብዙውን አያገኘውም። ከሁሉም የሚበልጠው ሰሊጥ ነው፤ ገለባው ካልተፈተገ ማለቴ ነው። ጥርስ ለሌለው ሰው የሰሊጥ ፍትፍት ይመቻል።

በፍስኩም ወተት ሆዱን የሚነፋው ብዙ ነው። ለእሱ እርጎ ይሻላል። አይባችን ጥሩ ፕሮቲን ቢሆንም ካልሲየሙ በብዛት ከአጓቱ ጋር ይፈስሳል። አጓቱን የሚጠጣ ካለ፣ አይደፋ።

የምለምነው ከባድ ነገር አይደለም። ለአረጋውያን ቤቶች የምግብ ዝርዝር አውጡ፤ በፍስክ ወተት ወይ እርጎ በየቀኑ፣ በጾም ጎመንና ሰሊጥ። ልደትና ተዝካር ይዞ ለሚመጣው ሰውም በር ላይ አንድ ወረቀት ይለጠፍ፦ «በለስላሳው ፋንታ ወተት አምጡ»። ይህ እንኳ በጀት አይፈልግም። አልጋ ላይ የዋሉትንም ጠዋት ፀሐይ የሚያወጣ ሰው ይመደብ፤ ካልሲየሙ ያለ ቫይታሚን ዲ በደንብ አይሠራም።

እስከዚያው በየእሑዱ እርጎ ይዤላት እሄዳለሁ። ክፍሏ ውስጥ ግን ያለው ስድስት አልጋ ነው።

አክባሪያችሁ፣
የእህቷ ልጅ