ወለል ጠባቂውን ጫማ አታስከራዩት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ቅዳሜ ከልጄ ጋር የቤት ውስጥ መወጣጫ ግድግዳ ሄጄ ነበር። የቦታውን ስም አልጠራም። አንድ አሥር ዓመት የሚሆናት ልጅ አውቶ ቢሌይ ወዳለበት መስመር መጣች። አውቶ ቢሌይ ማለት ሰው ሲወጣ ገመዱን እየሳበ፣ ሲለቅ ደግሞ ቀስ አድርጎ የሚያወርድ ማሽን ነው። ከግድግዳው ግርጌ ባለ ሦስት ማዕዘን ሸራ ተወጥሯል፤ የማሽኑ መንጠቆ እሱ ላይ ተሰክቶ ይቀመጣል። ልጅቷ ሸራውን በጎን አለፈችና መውጣት ጀመረች። መንጠቆው እዚያው ሸራው ላይ ነው። እሷ ወገብና ጭን ላይ የሚታሰረውን መታጠቂያ ታጥቃለች፣ ግን ከምንም ነገር ጋር አልተያያዘችም።

እኔ ሳያት ሁለት ሜትር ያህል ወጥታለች። ብጮኽ ትደነግጣለች ብዬ ፈራሁ። ሮጬ ከሥሯ ቆምኩና ድምፄን ዝቅ አድርጌ «የኔ ልጅ፣ ጠበቅ አድርገሽ ያዢ፣ አሁን እግርሽን እያየሽ ቀስ ብለሽ ውረጂ» አልኳት። ወረደች። ከዚያ ጎንበስ ብላ መታጠቂያዋን አየች። የፊቷ መለዋወጥ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

ወለሉን የሚጠብቀው፣ ማለትም የሚወጡትን ሰዎች ከታች ሆኖ የሚከታተለው ልጅ የት ነበር? መቀበያው ጋ ጫማ እያከራየ። ሰነፍ ሆኖ እንዳይመስላችሁ፣ ሁሌም የማውቀው ጎበዝ ልጅ ነው፣ ግን ሰልፉ ሲረዝም የፈረቃ ኃላፊዋ «ና እስቲ አግዘን» ብላ ጠራችውና ሄደ፤ እሱ ሲሄድ ደግሞ ቦታውን የተካ ሰው የለም።

አውቶ ቢሌይ ላይ ሰዎች አደጋ ሲደርስ ማሽኑን ይጠረጥራሉ። በሙያው ያሉ ሰዎች ግን ይበልጥ የሚፈሩት ሳይታሰሩ መውጣትን ነው። ጀማሪ ብቻ አይደለም የሚረሳው። እንዲያውም የለመደው ሰው ይብሳል፣ ምክንያቱም እጁ ሥራውን የሚሠራው ሳያስብ ነው። አሜሪካዊቷ ሊን ሂል በ1989 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ ገደል ስትወጣ በዓለም ከታወቁት ገደል ወጪዎች አንዷ ነበረች። ገመዱን መታጠቂያዋ ውስጥ አሾልካ ቋጠሮውን ሳትጨርስ ጫማዋን ወደ ማሰር ዞረች። ጫፍ ደርሳ ለመውረድ ገመዱን ስትደገፍ ከ20 ሜትር በላይ ወደቀች። የተረፈችው ዛፍ ውድቀቷን ስላበረደላት ነው። እሷ ከረሳች እኛ አንረሳም ማለት አይቻልም። ስለዚህ ሰው ሲረሳ የሚያይ ሌላ ዓይን ያስፈልጋል፣ ያ ዓይን ደግሞ ሌላ ሥራ ሊኖረው አይገባም።

«መግቢያው ላይ ቅጽ ፈርመዋል» የሚለውን መልስ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ፊርማ ቋጠሮ አያጠብቅም። የመቀበያ ሠራተኛ ሥራ ወረቀት መሰብሰብ ብቻ ሳይሆን «ገመድ ይዘህ ታውቃለህ?» ብሎ ጠይቆ፣ «አዎ» የሚለውን ሰው «እስቲ አሳየኝ» ብሎ ወደሚፈትነው ሠራተኛ መምራት ነው። ያም ሠራተኛ ገመዱ ከመታጠቂያው ጋር የታሰረበትን ባለ ስምንት ቁጥር ቋጠሮ በእጁ ነካክቶ ማየት አለበት። ገመድ ያዡ፣ ማለትም ከታች ሆኖ የወጪውን ገመድ የሚይዘው ሰው፣ መሣሪያውን በትክክል መግጠሙን፣ ካራቢነሩን (የብረት ማያያዣውን) መቆለፉን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ፍሬን የሚይዘው እጁ ገመዱን ለአፍታም አለመልቀቁን ያያል። ከላይ በታሰረ ገመድ ተፈትኖ ያለፈ ሰው፣ ገመዱን ግድግዳው ላይ እየሰካ ወደ ላይ ለሚሄድ ወጪ መያዝ ይችላል ማለት አይደለም። ሁለተኛው ሌላ ፈተና ነው፣ መዝገቡ ላይም ለየብቻ መጻፍ አለበት።

አሠልጣኙም ቢሆን የራሱን ቡድን ይዟል። ስድስት ልጅ እያስተማረ «ወለሉንም እግረ መንገድህን እይ» ማለት ሁለቱንም ማበላሸት ነው። ጀርባውን ለአዳራሹ ሰጥቶ የልጅ መታጠቂያ የሚያጠብቅ ሰው ከኋላው ምን እየሆነ እንዳለ እንዴት ያያል?

ስለ ዕቃው ብዙ አልልም፣ እዚያ ላይ አብዛኞቹ ይጠነቀቃሉ። መታጠቂያዎቹ ቁጥር አላቸው፣ የምርመራ መዝገብ አለ፣ ማሽኖቹ በየዓመቱ ለምርመራ ይሄዳሉ። መያዣዎቹን የሚገጥሙት መስመር ሠሪዎችም የላላ ብሎን ሲነገራቸው ቶሎ ይመጣሉ። የሚገርመኝ ይሄ ነው፦ ገመዱ ማን እንደመረመረው የሚናገር ፊርማ አለው፣ በዚህች ሰዓት ወለሉን ማን እየጠበቀ እንደሆነ ግን የሚናገር ወረቀት የለም። ቢያንስ የተለየ ቀለም ያለው ቲሸርት ይልበስ። ስሙ ግድግዳው ላይ ይጻፍ። ሌላ ሰው መጥቶ «ተረክቤያለሁ» ሳይለው ቦታውን አይልቀቅ። ዓይን ይደክማል፣ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ይቀያየሩ። «ውረድ» ሲል ደግሞ ደንበኛው ቢቆጣም ኃላፊዋ ከጎኑ ትቁም።

ማክሰኞ ተመልሼ ኃላፊዋን አነጋገርኳት። በትሕትና ነው የሰማችኝ። «እውነትህን ነው ወንድሜ፣ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ያጥረናል፣ ምን እናድርግ?» አለችኝ። ችግሯ ይገባኛል። ለእሷ የመለስኩላትን ለሌሎቹም ልድገመው፦ ጠባቂ ከሌለ አውቶ ቢሌዮቹ ይዘጉ። መንጠቆዎቹን ሰብስቦ «ለጊዜው ዝግ ነው» የሚል ወረቀት መለጠፍ ከሁለት ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ሰልፍ ላይ ያለው ሰው ይቆይ፣ ጫማው አይጠፋም።

የዘወትር አንባቢያችሁ