ይድረስ ለአባቴ፦ ስለ አጥራችን ቢራቢሮ

ኅዳር 12 ቀን
አዲስ አበባ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤
ጎንደር

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ለመስቀል በመጣሁ ጊዜ ከአጥሩ ሥር በበቀለው ወተታም ቁጥቋጦ ላይ ያረፈችውን ብርቱካንማ ቢራቢሮ በከዘራዎ እያመለከቱ «ይህች የዓምናዋ ናት ወይስ ሌላ?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ያን ዕለት መልስ አልነበረኝም፤ ጥያቄው ግን ከልቤ ስላልወጣ ያነበብኩትን ልጽፍልዎ ወደድኩ።

የክንፏ ጫፍ ጠቁሮ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት የእኛዋ ቢራቢሮ፣ በሰሜን አሜሪካ ሞናርክ ለምትባለው የቅርብ ዘመድ ናት። የሁለቱም አባጨጓሬዎች የሚያድጉት እንዲህ ያለ ወተታም ተክል በልተው ነው፤ የተክሉ መርዝ በሰውነታቸው ስለሚጠራቀም ወፎች ይሸሿቸዋል። የሞናርክ እንቁላል በ4 ቀን ገደማ ይፈለፈላል፤ አባጨጓሬው 2 ሳምንት ያህል ሲበላ ከርሞ፣ እርስዎ በክፍል ውስጥ ሙሽሬ ብለው ያስተማሩንን፣ ቢራቢሮ እስኪሆን በሽፋን ውስጥ የሚቆይበትን ደረጃ ይይዛል፤ ሽፋኑም አረንጓዴ ሆኖ ወርቅ መሳይ ነጠብጣብ አለበት።

ከሞናርኮቹ በሙቀቱ ወራት የሚወለዱት ከ2 እስከ 6 ሳምንት ኖረው ይሞታሉ። ቅዝቃዜው ሲቃረብ የሚወለዱት ግን መራባቱን አቆይተው እስከ 8 ወር ይኖራሉ፤ ግማሽ ግራም በሚመዝን ሰውነት አንዳንዶቹ ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ በርረው ከካናዳ ደቡብ እስከ ማዕከላዊ ሜክሲኮ ይዘልቃሉ። ይህን ስጽፍ እንደ ደባርቅ ባለ ደጋ፣ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከውርጭ በሚከልላቸው ጥድ መሰል ደን ውስጥ ተጠጋግተው ሰፍረዋል። በመጋቢት ወደ ሰሜን ይነሡና መንገድ ላይ እንቁላል ጥለው ይሞታሉ፤ ጉዞውን የሚጨርሱት ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ናቸው። እንግዲህ በዓመቱ ወደዚያ ደን የምትመጣው ደኑን አይታው የማታውቅ፣ ያየችውንም እናት ያላገኘች ናት። እርስዎ ከብት ሲጠብቁ ጥላዎን በእግር እየለኩ ሰዓት ያውቁ እንደነበረው፣ እርሷም የፀሐይን አቅጣጫ በአንቴናዋ ውስጥ ካለው የተፈጥሮ ሰዓት ጋር እያስተያየች ትመራለች።

ካናዳዊው ሳይንቲስት ፍሬድ ኧርኳርት ከባለቤቱ ከኖራ ጋር ለአሥርተ ዓመታት ክንፋቸው ላይ ምልክት እየለጠፈ የት እንደሚከርሙ ሲፈልግ ኖሮ፣ ደኑ በእ.ኤ.አ. 1975 በረዳቶቹ ተገኘ። በዓመቱ ራሱ ሄዶ ሳለ ቢራቢሮ የከበደው ቅርንጫፍ ተሰብሮ ወደቀ፤ ከወደቁት መካከል ሚኒሶታ ውስጥ ምልክት የተለጠፈባት አንዲት ቢራቢሮ አገኘ። ይህን ሳነብ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

የሚያሳዝነኝ፣ በአሜሪካ እርሻዎች ወተታሙ ተክል በፀረ አረም መድኃኒት እየጠፋ፣ በሜክሲኮም ደኑ እየተቆረጠ ቁጥራቸው ማሽቆልቆሉ ነው፤ በእ.ኤ.አ. 2013/14 የሰፈሩበት ደን 0.67 ሄክታር ብቻ ነበር።

የእኛዋም ብትሆን የዓምናዋ አይደለችም፤ ዕድሜዋ ያን ያህል አይደርስም። የዓምናዋ ዘር ልትሆን ግን ትችላለች። ስለዚህ ለፍየሏ ፈርተው ሊያስቆርጡት ያሰቡትን ቁጥቋጦ ለጥምቀት እስክመጣ ድረስ እንዲተዉልኝ እለምንዎታለሁ፤ ዙሪያውን በእሾህ እኔ አጥረዋለሁ። ወተቱ ዓይንዎን እንዳይነካዎ ብቻ ይጠንቀቁ።

ልጅዎ