የብልቃጥ ልብና የሜክሲኮ አደባባይ ልብ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የሽፈራው፣ የእርድና የአረንጓዴ ሻይ ዱቄት «ልብን ከአየር ብክለት ይጠብቃል» እየተባለ ይሸጣል። የመድኃኒት ባለሙያ ስለሆንኩ «እውነት ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ወደ እኔ ይመጣል። ማስታወቂያውን መሞገት የሚከብደው መነሻው ሐሰት ባለመሆኑ ነው።

ከመኪናና ከማገዶ የሚወጣው፣ ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጠው ደቃቅ ብናኝ እስከ ሳንባ ከረጢቶች ድረስ ይዘልቃል። ሳንባውን ያስቆጣል፤ የቁጣው ዳፋም በደም በኩል ልብ ይደርሳል። ብናኙ ተሸክሟቸው የሚመጡት ብረቶችና የቃጠሎ ኬሚካሎች ፍሪ ራዲካል የሚባሉትን ጎጂ ሞለኪውሎች ያበዛሉ፤ እነዚህም ለልብ ሕዋስ ኃይል የሚያመነጨውን ማይቶኮንድሪያ ያውካሉ። ተመራማሪዎች በብልቃጥ ላሳደጓቸው የአይጥ ልብ ሕዋሳት አስቀድመው የተክል አንቲኦክሲዳንት (ፍሪ ራዲካልን የሚያመክን ንጥረ ነገር) ሰጥተው ብናኙን ሲጨምሩባቸው፣ ጉዳቱ ቀንሶ የታየባቸው ሙከራዎች አሉ። ሻጮቹ የሚጠቅሱት ይህንኑ ነው።

ብልቃጥ ውስጥ ያለ ሕዋስ ግን ጨጓራም ጉበትም የለውም። ኩርኩሚን የተባለው የእርድ ንጥረ ነገር ሲዋጥ ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂቱ ነው። በሰው ላይ የተሞከረውም ቢሆን ጥንቃቄ ይሻል። በቻይና ቺዶንግ የብሮኮሊ ቡቃያ መጠጥ ለ12 ሳምንታት የጠጡ ሰዎች ከሰውነታቸው የሚያስወግዱት ቤንዚን (benzene) የተባለው አየር በካይ ኬሚካል ቅሪት በ61 በመቶ መጨመሩ እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል። ደስ የሚያሰኝ ውጤት ነው፤ የተለካው ግን ሽንት ነው፣ ስለ ልብ ሕመም የሚነግረን የለም። በፊንላንድ ከ29 ሺህ በላይ አጫሾች በተሳተፉበትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው ጥናት ደግሞ ቤታ ካሮቲን የተሰጣቸው ሰዎች ካልተሰጣቸው ይልቅ 18 በመቶ ያህል በበለጠ በሳንባ ካንሰር ተያዙ። ቤታ ካሮቲንም ከተክል የሚገኝ አንቲኦክሲዳንት ነው፤ እነርሱም ጭስ የሚስቡ ሰዎች ነበሩ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በአገራችን የልብ ቫልቭ ሕመም ብዙ ነው፤ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ተገጥሞላቸው ደም እንዳይረጋ የሚከላከለውን ዋርፋሪን የተባለ መድኃኒት የሚወስዱ ሕሙማንም አሉ። አረንጓዴ ቅጠል ቫይታሚን ኬ አለው፣ ቫይታሚን ኬ ደግሞ የዋርፋሪንን ሥራ ያዳክማል። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ «ለልብ ይጠቅማል» ተብሎ የደረቀ ቅጠል ዱቄት በማንኪያ ቢጀምር፣ ደሙ ሊረጋበት ይችላል። ማሸጊያው ላይ ይህን የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ እስካሁን አላየሁም።

ጎመኑን፣ ቃሪያውን፣ ሽፈራውንም በወጥ መልክ ብሉ፤ ማንም አይከለክልም። ዱቄቱን ግዙ የሚባሉት ግን ቀኑን ሙሉ ሜክሲኮ አደባባይ የሚቆሙት ትራፊክ ፖሊሶች፣ የታክሲ ረዳቶች፣ በማገዶ እንጀራ የሚጋግሩ እናቶች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው የቤት ውስጥ ጭስ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰው ገድሏል። ለጋጋሪዋ የጭስ መውጫ ያለው ማድቤትና የኤሌክትሪክ ምጣድ ከየትኛውም ዱቄት ይቀድማል። ይህን የሚያስተዋውቅ ነጋዴ አለመኖሩ አይገርመኝም፣ ጋዜጣ ዝም ማለቱ ግን ይገርመኛል።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ዜና ስታትሙ ጥናቱ በሕዋስ፣ በአይጥ ወይስ በሰው ላይ መደረጉን፣ የተሰጠውንም መጠን በመጀመሪያው አንቀጽ ጻፉልን። ዱቄቱን የሚያስተዋውቅ ድርጅት ገጻችሁን ሲከራይም ይህንኑ ጠይቁት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመድኃኒት ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ