ውሃው ከሄደ በኋላ ላልሄዳችሁት

ይህ ምስጋና ለአካባቢያችን ምክር ቤት ሠራተኞች ነው። ለበጎ ፈቃደኞቹም ነው፣ አካፋና ባልዲ ይዘው ለመጡት ጎረቤቶቼም ነው።

መዘግየቴን አውቃለሁ። ጎርፉ ቤታችን ከገባ አምስተኛ ወሩን ሊይዝ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ፤ አንዱን ስጽፍ ሌላው ትዝ ይለኛል፣ ማንን ጠርቼ ማንን ልተው እያልኩ ስጨነቅ ይመሻል። ባለፈው ሳምንት ግን የመኝታ ቤታችን ግድግዳ ደርቆ ቀለም ቀባነው። ብሩሹን አጥቤ ስጨርስ ዛሬ ካልጻፍኩ መቼም አልጽፍም አልኩ። የማንንም ስም አልጠራም፣ የሠራችሁትን ብቻ እናገራለሁ። ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

ሌሊቱን አልተርከውም። ያየው ያውቀዋል፣ ላላየው አያምጣበት። አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ልጆቹን መኪና ውስጥ አስገብተን ልንወጣ ስንል መታጠፊያው ላይ አንድ ወጣት ባትሪ ይዞ ቆሞ ነበር፣ የምክር ቤቱን ሰደርያ ለብሷል፣ ዝናቡ እላዩ ላይ ይወርዳል። ባለቤቴ «ውሃው እኮ ጉልበት አይደርስም፣ እናልፋለን» አለው። ልጁ አልጮኸም፣ አልተቆጣም። «ጋሼ፣ መኪናውን እዚሁ ይተዉትና በእግር በላይኛው መንገድ ይዣችሁ ልሂድ» አለ። ታናሹን ልጃችንን አዝሎ ወሰደን። በኋላ በተጠለልንበት አዳራሽ ውስጥ ሲያስረዱን ነው የገባኝ። የሚሮጥ ውሃ 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን እንኳ ትልቅ ሰው ይጥላል፣ 30 ሴንቲ ሜትር ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል፣ 60 ሴንቲ ሜትር ከደረሰ አብዛኛውን መኪና ይዞ ይሄዳል። እኛ «ጉልበት አይደርስም» ብለን ነበር። ወንድሜ፣ ስምህን እንኳ አልጠየቅንህም። ልጆቼ ዛሬ እዚህ ቤት ውስጥ እየተሯሯጡ ያሉት በአንተ ነው ብዬ አምናለሁ።

ውሃው በማግስቱ ጎደለ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሰው በሰው ላይ ነበር። ሁሉም ይመጣል፣ ሁሉም አይዟችሁ ይላል። ከዚያ ቀስ በቀስ ጭር አለ። ማንንም ለመውቀስ አይደለም፣ ሰው ሁሉ የራሱ ኑሮ አለው። ግን የጎርፍ መከራ ውሃው የገባ ቀን አያልቅም። በሦስተኛው ሳምንት ሽታው አልለቀቀም፣ ፍራሽ የለም፣ ጉልበትም ገንዘብም ተሟጧል፣ «እስካሁን አልጨረሳችሁም?» የሚል ጥያቄ መስማት ይጀመራል። እናንተን የማመሰግነው በተለይ ለዚያ ለሦስተኛው ሳምንት ነው። ለስድስተኛውም፣ ለአሥረኛውም።

ደብተሯን በፌስታል ጠቅልላ የምትዞረው እህቴ፣ ከአንቺ ልጀምር። መጀመሪያ ስትመጪ ቤቱ ስንት ክፍል እንደሆነ አልጠየቅሽኝም። «ማን ማን አላችሁ?» አልሽ። ሕፃን አለ ወይ፣ ደረጃ መውጣት የማይችል አለ ወይ፣ ቀዝቃዛ ቦታ መቀመጥ ያለበት መድኃኒት የሚወስድ አለ ወይ። የእኛን ጨርሰሽ ስለ ጎረቤታችን ስለ እማማ ጠየቅሽ። እማማ የስኳር በሽተኛ ናቸው፣ መብራት ከጠፋ ሁለት ቀን ሆኖታል፣ ኢንሱሊናቸው በጠፋ ፍሪጅ ውስጥ ተቀምጧል። እኛ ግድግዳ ለግድግዳ የምንኖረው አላሰብነውም። አንቺ በዚያው ምሽት አዲስ መድኃኒት ከነበረዶ ማስቀመጫው ይዘሽ ተመለስሽ። ከዚያ ወዲህ ማክሰኞና ዓርብ አልቀረሽብንም። አንዳንድ ቀን የምትነግሪን አዲስ ነገር አልነበረሽም፤ «ዛሬ ምንም የለኝም፣ ግን እንዴት ናችሁ ልበል ብዬ ነው» ብለሽ ትሄጃለሽ። ያ ምን ያህል እንደሚያጽናና ቤቱ ያልረጠበበት ሰው አይገባውም።

«መጀመሪያ ፎቶ፣ ከዚያ አካፋ» ያልሽንም አልረሳውም። እኔ በንዴት ሁሉንም አውጥቼ ልጥል ነበር። ለድጋፍም ሆነ ለኢንሹራንስ ማስረጃ እንደሚጠየቅ ማን አሰበ? በየክፍሉ እየዞርሽ ውሃው ግድግዳው ላይ የደረሰበትን መስመር ሳይቀር አስነሳሽን።

ጭቃውን ያወጡልን ልጆች፣ እጃችሁ አይዛል። አንዱ የጎዳናው ወጣት፣ አንዱ የምክር ቤቱ የጽዳት ሠራተኛ፣ አንዷ ጭራሽ ከሌላ ሰፈር የመጣች ተማሪ። ጭቃው ሳይደርቅ ካልወጣ እንደ ሲሚንቶ ይይዛል ብላችሁ እሑድን እንኳ አላረፋችሁም። ደግሞ የጎርፍ ጭቃ ተራ ጭቃ አይደለም። የሽንት ቤት ፍሳሽ፣ ዘይት፣ ያልታወቀ ኬሚካል የተቀላቀለበት ነው። በባዶ እጄ ልገባ ስል ጓንትና ቦት ጫማ የሰጠችኝን ልጅ አመሰግናለሁ። በረኪናውንም ከሌላ ማጽጃ ጋር ልደባልቅ ስል እጄን ይዛ አስቆመችኝ፤ መርዛማ ጋዝ ያወጣል አለችኝ። መጀመሪያ በሳሙናና በውሃ መታጠብ አለበት፣ በረኪናው ከዚያ በኋላ ለብቻው ነው። ለሃያ ዓመት ቤት ሳጸዳ የማላውቀውን ከእሷ ተማርኩ።

ከመሬት በታች የሆነ ምድር ቤት ያላቸው ጎረቤቶቻችን ደግሞ ፓምፑን ለምነው አምጥተው በአንድ ሌሊት ሊያደርቁት ነበር። የምክር ቤቱ መሐንዲስ ደርሶ በቀን ሲሶውን ብቻ ሳቡ አላቸው። ዙሪያው ያለው አፈር ገና ውሃ ጠጥቶ ከብዷል፣ ከውስጥ ያለው ውሃ በአንዴ ሲወጣ ያ ሁሉ ግፊት ግድግዳው ላይ ያርፋል፣ ግድግዳውም ሊደረመስ ይችላል። ተናደው ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። አሁን ግን ቤታቸው ቆሟል። ጀኔሬተሩንም ዝናብ እንዳይነካው ብለው በረንዳ ላይ ሊያስነሱት ሲሉ ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር አርቆ ያስቀመጠው እሱ ነው። ጭሱ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ እንዳለበት ሰው ሁሉ እንዲያውቅ ይህንንም ጻፍኩት።

የመዝገብ ቤቱ አባት፣ እርስዎን ሳስብ አሁንም እንባዬ ይመጣል። የልጆቼን የልደት ሰርተፊኬት፣ የቤቱን ካርታ፣ የሟች እናቴን ፎቶዎች አንድ ላይ የያዘው ሳጥን ሙሉ ለሙሉ ረጥቦ ነበር። እኔ ፀሐይ ላይ ላሰጣው ተነስቼ ነበር። እርስዎ አዳራሹ በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው «ልጄ፣ ቆይ፣ አትግለጪው» አሉኝ። እርጥብ ወረቀት በ48 ሰዓት ውስጥ ሻጋታ እንደሚጀምረው፣ ፍሪዘር ውስጥ ከገባ ግን እንደሚቆምና በኋላ ጊዜ ወስዶ ቀስ ብሎ ማድረቅ እንደሚቻል ነገሩኝ። ለወረቀት ፍሪዘር! ሰምቼ አላውቅም ነበር። የእኛን ወረቀት በየቤተሰቡ ከፋፍለው፣ በፕላስቲክ አድርገው፣ ስም ጽፈውበት ምክር ቤቱ ባመቻቸው ፍሪዘር አስቀመጡልን። ፎቶዎቹን ደግሞ እርስ በርስ ተጣብቀው እንዳይደርቁ በንጹሕ ውሃ አንድ በአንድ እየለቀለቁ ከእኔ ጋር ግማሽ ቀን ቁጭ አሉ። የእናቴ የወጣትነት ፎቶ ጥጉ ላይ ትንሽ ቡናማ ሆኗል። ፊቷ ግን አለ። እግዜር ይስጥልኝ አባቴ። ሌላ ምን እላለሁ?

እርጥበት መለኪያ ይዞ የሚመጣው ባለሙያም አለ። ያቺን ትንሽ መሣሪያ ግድግዳው ላይ ይጫናል፣ ቁጥሩን ያያል፣ ራሱን ይነቀንቃል። «ገና ነው።» ከሁለት ሳምንት በኋላ ይመጣል። «ገና ነው።» ባለቤቴ አንድ ቀን ትዕግሥቱ አልቆ ቀለሙን ገዝቶ መጣ። ላዩ ደርቋል፣ እጅ ሲነካው ምንም አይልም። ባለሙያው ልስኑን አንድ ቦታ ፈቅፈቅ አድርጎ ጣቱን አስነካው። ውስጡ ቀዝቃዛና እርጥብ ነበር። እርጥበቱ ላይ ቀለም ከተቀባ ታፍኖ ይቀራል፣ ሻጋታው ከውስጥ ይሠራል፣ ልጆቹ ያንን ሲተነፍሱ ይከርማሉ። ባለቤቴ ቀለሙን አልጋ ሥር ከተተው። ባለፈው ሳምንት ግን መሣሪያውን ተጭኖ ፈገግ ሲል ሁላችንም ቆመን እያየነው ነበር፣ ልጆቹ እንደ ጎል ጮኹ።

ሁሉም ነገር ከመጀመሪያው ልክ ነበር አልልም። እንዲህ ብል ያያችሁት ሁሉ ትታዘቡኛላችሁ። የመጀመሪያው የእርዳታ ዝርዝር የተሠራው በቤት ባለቤት ስም ስለነበር ከጓሮ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩት ሰዎች ቀሩ። ከማንም በፊት ውሃ የገባባቸው እነሱ ነበሩ፣ ወለላቸው ከመንገዱ ዝቅ ያለ ነው። አንዲት ልጅ ያዘለች እናት በስብሰባው መሐል ተነስታ «እኔ ሰው አይደለሁም ወይ?» ስትል አዳራሹ ጸጥ አለ። ሰብሳቢው ሰበብ አልደረደረም። ተሳስተናል፣ ነገ ጠዋት እናስተካክላለን አለ። በነጋታው በር ለበር ወጥተው፣ በማን ስም ነው ሳይሆን ማን ያድርበታል ብለው እንደ አዲስ መዘገቡ። ስታጠፉ አላየንም አልልም፣ ስታርሙ ግን አይቻለሁ። እኔ በበኩሌ ይበልጥ ያመንኳችሁ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። እሷንም ላመስግናት፤ አንቺ ባትነሺ እኛ ሁላችን ዝም ብለን እንወጣ ነበር።

መብራት ሳይፈተሽ ማንም እንዳያበራ በየቤቱ የዞሩት ኤሌክትሪክ ሠራተኞች፣ የቧንቧው ውሃ ንጹሕ ነው እስኪባል ድረስ ውሃ ያደሉን፣ ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ፣ ከተንፈቀፈቀ በኋላ 1 ደቂቃ፣ ከፍታው ከ2,000 ሜትር በላይ ለሆነ ቦታ 3 ደቂቃ እያላችሁ በድምፅ ማጉያ የዞራችሁ፣ አዳራሹ ውስጥ ሌሊት ሌሊት ብርድ ልብስ ስታለብሱ ያደራችሁ፣ ሁላችሁንም ክፉ አይንካችሁ።

ስለ ልጆቹ ትንሽ ልበል። ትልቁ ልጄ ከዚያ ሌሊት በኋላ ደመና ሲያይ ጫማውን አድርጎ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጥ ነበር። አውልቅ ብለው አይሰማም። አዳራሹ ጥግ ላይ ከልጆቹ ጋር የምትሥለዋ እህት አታስወልቁት አለችን። ይልቅ ጫማውን ማታ ማታ ራሱ በሩ አጠገብ አስተካክሎ እንዲያስቀምጥ፣ ባትሪውም የእሱ ኃላፊነት እንዲሆን ነገረችን። ጊዜ ወሰደ። አሁንም ዝናቡ ሲበረታ ይነሳል፣ ጫማው ቦታው ላይ መሆኑን አይቶ ግን ተመልሶ ይተኛል። እኔም አንዳንዴ አብሬው እነሳለሁ።

ለጎረቤቶቼ አንድ መልእክት አለኝ። ውሃው ወደ ቤታችን የዞረው ቦዩ በደለልና በፕላስቲክ ስለተደፈነም ጭምር ነው። ምክር ቤቱ ሎደሩን አምጥቶ ዋናውን ቦይ ጠርጓል፣ በየደጃችን ያለው ግን የእኛ ነው። ቅዳሜ ጠዋት እኔና ባለቤቴ ከጥጉ ጀምረን ወደ ታች እንወርዳለን። አካፋ ያለው አካፋውን፣ የሌለው እጁን ይዞ ይምጣ። ጓንት እኛ ጋ አለ።

ባለደብተሯ እህቴ፣ ማክሰኞ ዕለት ዝናቡ ሲያባራ ሰማያዊው ጃንጥላሽን ረስተሽው ሄደሻል። አዲስ ከተቀባው ግድግዳ ላይ ሰቅዬልሻለሁ። ዓርብ ስትመጪ ውሰጂው።