አራት ቁጥራችን ቆሟል፤ አሁን የሚራመድበትን እናዘጋጅ
የድጋፍ ጥሪ

ለቡድናችን ደጋፊዎች፣ ለሰፈራችን ነዋሪዎች፣ እሁድ እሁድ ጃን ሜዳ ለምትገኙ ሁሉ፤

አስቀድመን የምሥራቹን እንንገራችሁ። እግሩ የተሰበረው ባለ አራት ቁጥር ማሊያ ተጫዋቻችን፣ የአራት ቁጥራችን፣ ቀዶ ሕክምና በሰላም ተጠናቋል። ከጉልበቱ በታች የተሰበረው ቅልጥሙ ውስጥ ብረት ገብቶለታል። የእግሩን ጣቶች ያንቀሳቅሳል፣ ቁስሉ ደረቅ ነው፣ ትኩሳት የለውም። በሁለት ክራንች ተደግፎ ከአልጋው ወርዶ ቆሟል። አጥንቱ በደንብ ከገጠመና ፊዚዮቴራፒውን ሳያቋርጥ ከተከታተለ ወደ ሜዳ የመመለስ ተስፋው ጥሩ እንደሆነ ሐኪሞቹ ነግረውናል። ወሬው ከተሰማ ጀምሮ ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ያልደወለ ደጋፊ የለም ማለት ይቻላል፤ የሁሉም ጥያቄ ደግሞ አንድ ነው፦ «ምን እናድርግለት?»

መልሳችን ይኸው። ክራንች፣ ዊልቸር፣ የሜዳ ላይ የመጀመሪያ እርዳታ ዕቃ እና የፊዚዮቴራፒ መመላለሻ ገንዘብ እንፈልጋለን። ዕቃው የእሱ ብቻ ሆኖ አይቀርም። እሱ ሲጨርስ ለቀጣዩ ተጎጂ እየተላለፈ የሰፈሩ የጋራ ንብረት ሆኖ ይኖራል። እድራችን ድንኳኑንና ወንበሩን ከሚያስቀምጥበት መጋዘን አንዱን ጥግ በነፃ ሰጥቶናል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። የቀረው መደርደሪያውን መሙላት ነው።

ብዙ ሰው «ብረት ገባለት» ሲባል ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ብረቱ አጥንቱን ቀጥ አድርጎ ይይዛል እንጂ አያገጥመውም፤ የሚገጥመው አጥንቱ ራሱ ነው። ለእሱ የገባለት «ሳይን» የሚባለው ብረት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1999 አሜሪካ ውስጥ የተቋቋመ ድርጅት ያመርተዋል፣ በአገራችንም በሥራ ላይ ከዋለ ቆይቷል። ቀዶ ሕክምና ክፍሉ ውስጥ እያዩበት የሚሠሩበት የኤክስሬይ ማሽን በሌለበት እንኳ ሐኪሙ በመምሪያ ብረት እያነጣጠረ ብሎኖቹን እንዲያስር ታስቦ የተሠራ ነው። ድርጅቱ ብረቱን ለሆስፒታሎች በእርዳታ ስለሚሰጥ ቤተሰቡን ያስጨነቀው የብረቱ ዋጋ አይደለም። ያስጨነቀው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው፦ ከውጭ ፋርማሲ የሚገዛው መድኃኒት፣ ለአስታማሚው የሚወጣው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ያሉት ወራት።

እንዲህ ያለ የቅልጥም ስብራት ለመግጠም ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ወር ይወስዳል፤ ቆዳው ተከፍቶ ከነበረ ደግሞ ከዚያም ሊረዝም ይችላል። በእነዚህ ወራት እግሩ ዝም ብሎ ከተቀመጠ የጭኑ ጡንቻ ይሟሽሻል፣ ጉልበቱ ይደርቃል፣ ቁርጭምጭሚቱ ጣቶቹን ወደ ታች እንዳዘነበለ ይቀራል። አጥንቱ ገጥሞ ተጫዋቹ ግን እያነከሰ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔውም ውድ መሣሪያ አይፈልግም። ፎጣ በውስጥ እግሩ አዙሮ ጣቶቹን ወደ ራሱ መሳብ፣ ጉልበቱን ዘርግቶ ጭኑን ማጥበቅና ማላላት፣ ከዚያ በላስቲክ መታገል፣ በኋላ ደግሞ የማይንቀሳቀስ ብስክሌት መንዳት ነው። ምን ያህል ክብደት በየትኛው ሳምንት እንደሚጥልበት ኤክስሬዩን አይቶ የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ጓደኛ ተሰብስቦ «በርታ፣ ርገጠው!» ማለት የለበትም።

እዚህ ላይ ትዕግሥት ላጣው ደጋፊ አንድ ነገር እናስታውስ። ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. ከ2010 መጀመሪያ ጀምሮ በባት ጉዳት ከውድድር ርቆ ነበር። በ2011 ነሐሴ በደቡብ ኮሪያዋ ዴጉ ከተማ ሲመለስ 10,000 ሜትሩን አቋርጦ ወጣ፤ ያን ቀን «አበቃለት» ያለው ብዙ ነው። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ብራስልስ ላይ በዚያው ርቀት 26:43.16 ገብቶ አሸነፈ። ማገገም ቀጥ ብሎ የሚወጣ መሰላል አይደለም፤ አራት ቁጥራችንም የሚከፋባቸው ሳምንታት ይኖሩታል፤ ያኔ ነው የምታስፈልጉት።

አበበ ቢቂላንም እናንሳ። መጋቢት 1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ከሆነ በኋላ እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ለወራት ታከመ። ያ ሆስፒታል የሚታወቀው ለተጎዱ ሰዎች ስፖርትን ራሱን ሕክምና በማድረጉ ነው፤ አበበም በ1962 ዓ.ም. እዚያው በተካሄደው ውድድር በቀስት ተወዳድሯል። ማገገሚያ ያገኘ ሰው ምን ያህል ሊቀጥል እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አንፈልግም። የእኛ አቅም የአንድ ሰፈር መጋዘን ነው፤ እሱንም በደንብ እናድርገው።

ስለ ክራንቹ በዝርዝር እንናገራለን፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችሁ ቤታችሁ ያለውን አሮጌ ክራንች ለማምጣት ቃል ገብታችኋል፤ በጣም ጥሩ ነው። የምንፈልገው 6 ጥንድ በብብት የሚያዝ፣ 4 ጥንድ ደግሞ በክርን የሚያዝ ነው፤ ከእነዚህ ውስጥ ቢያንስ 2 ጥንድ ለታዳጊዎች የሚሆን አጭር ይሁን። ከማምጣታችሁ በፊት ሦስት ነገር እዩ። አንደኛ፣ የታችኛው ጎማ፦ መስመሩ ጠፍቶ ከለሰለሰ በእርጥብ ሊሾ ላይ ያንሸራትታል፤ ክረምት ላይ በኮብልስቶን ደግሞ የባሰ ነው። ክራንቹን አትጣሉት፣ ጎማውን ብቻ እንቀይረዋለን። ለዚህ 30 ትርፍ ጎማ በዝርዝሩ አስገብተናል፤ ቶሎ የሚያልቀው እሱ ነው። ሁለተኛ፣ ቁመቱን የሚያስተካክለው ቁልፍ ቀዳዳው ውስጥ ጠቅ ብሎ የሚገባ መሆኑ። የላላ ቁልፍ ሰው ሲደገፍበት ከቀዳዳው ይወጣና ክራንቹ በድንገት ያጥራል። ሦስተኛ፣ የእንጨት ከሆነ የመያዣው ብሎን አለመላላቱና እንጨቱ አለመሰንጠቁ። የተሰነጠቀውን አንቀበልም፤ በሽቦ ወይም በፕላስተር የታሰረውንም እንዲሁ።

ዕቃውን የሚያስረክበው ሰው ለተጠቃሚው ቁመት ሳያስተካክል አይሰጥም። ልኩ ይህ ነው፦ ተጠቃሚው ቀጥ ብሎ ጫማውን አድርጎ ሲቆም በብብቱና በክራንቹ ጫፍ መካከል ሁለት ወይም ሦስት ጣት ይግባ፤ መያዣው የእጁ አንጓ ላይ ይድረስ፤ ሲይዘው ክርኑ በትንሹ ይጠፍ። ክብደቱ የሚያርፈው በመዳፉ ላይ ነው። በብብት ላይ መንጠልጠል የሚያምር ዕረፍት ይመስላል፣ ነገር ግን እዚያ የሚያልፈውን ነርቭ ስለሚጫን እጅ ይደነዝዛል፣ አንዳንዴም አንጓው መነሣት ያቅተዋል። ደረጃ ላይ ደግሞ ሲወጣ ጤነኛው እግር ይቀድማል፣ ክራንቹና የተጎዳው ይከተላሉ። ሲወርድ ክራንቹና የተጎዳው ይቀድማሉ። ይህን ያልተለማመደ ሰው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ከሆነ ከቤቱ አይወጣም፤ ካልወጣ ደግሞ ቀጠሮው ይቀራል።

ዊልቸር 2 እንፈልጋለን። አንዱ የግድ የእግር ማሳረፊያው ወደ ፊት ተዘርግቶ የሚነሣ ይሁን፣ እግሩን ማጠፍ ላልተፈቀደለት። ፍሬኑ ሁለቱንም ጎማ ይያዝ። ከመግዛታችን በፊት የበሩን ስፋት እንለካለን፤ ምክንያቱም የተለመደው የአዋቂ ዊልቸር ስፋቱ ከ60 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል፤ የድሮዎቹ የሰፈራችን ቤቶች በር ደግሞ ብዙው ጠባብ ነው። በር የማያስገባ ዊልቸር በረንዳ ላይ ዝናብ ሲመታው ይከርማል።

መመላለሻው ብዙ ሰው የማያስበው፣ እኛ ግን ከሁሉ የምናስቀድመው ወጪ ነው። የተዘረጋ እግር ይዞ ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ መግባት አይሆንም፤ ኮንትራት ወይም ራይድ ያስፈልጋል። በሳምንት ሁለት ቀጠሮ ቢኖረው ደርሶ መልስ አራት ጉዞ ነው፤ በ3 ወር ወደ 50 ይጠጋል። ፊዚዮቴራፒ የሚቋረጠው በአብዛኛው ታማሚው ሰንፎ አይደለም፣ የመኪናው ሒሳብ ስለሚከብድ ነው። መኪና ያላችሁ ገንዘብ ባትሰጡ እንኳ በወር ሁለት ጉዞ ብትመዘገቡ ትልቅ ነገር ነው። የፊት ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍታችሁ፣ እግሩን በትራስ ደግፋችሁ፣ ቀስ ብላችሁ መንዳት ነው።

የሜዳ ዕቃው ደግሞ ቀጣዩ ጉዳት እንዳይከፋ ነው። አንድ ተጫዋች እግሩ ሲሰበር በየሜዳው የሚታየው ስህተት ተመሳሳይ ነው፦ እግሩን ይስቡታል፣ በትከሻ አንሥተው ያስኬዱታል፣ ውኃ ያጠጡታል። መሳብ የአጥንቱን ስለት ወደ ሥጋና ወደ ደም ሥር ይከታል። ውኃውም ማደንዘዣ ለመስጠት ያስቸግራል፤ ሆዱ ባዶ መሆን አለበት። ትክክለኛው ካለበት ሳያነቃንቁ ሁለት ጣውላ ግራና ቀኝ አድርጎ፣ ከስብራቱ በላይ ጉልበቱን፣ ከስብራቱ በታች ቁርጭምጭሚቱን አብሮ ማሰር ነው። አራት ማሰሪያ ይበቃል፤ ስብራቱ ላይ ግን አይታሰርም። ክፍት ቁስል ካለ በንጹሕ ጎዝ ይሸፈናል፣ የወጣ አጥንት ወደ ውስጥ አይገፋም። ከታሰረ በኋላ ጣቶቹ ሞቀው፣ ስሜት ኖሯቸው መቆየታቸው በየ10 ደቂቃው ይታያል፤ ከቀዘቀዙ ወይም ከደነዘዙ ማሰሪያው ይላላል። ለአምቡላንስ የቀይ መስቀልን 907 ወይም የከተማውን እሳትና አደጋ 939 መደወል ነው። ለዚህ የምንፈልገው 1 ተጣጣፊ ቃሬዛ፣ 4 ረጅምና 4 አጭር የተለበጠ ጣውላ፣ 12 ሰፊ የጨርቅ ማሰሪያ፣ 10 ላስቲክ ባንዴጅ፣ 2 ካርቶን ጓንት፣ ጎዝና ጠንካራ መቀስ ነው። ጣውላውን የሰፈራችን አናጢዎች በነፃ እንሠራለን ብለዋል፤ ስፖንጅና ጨርቁ ይቀራል።

በፍቅር የሚደረገውን ነገር መከልከል ከባድ ነው፤ ግን እንናገረው። «ጎበዝ ወጌሻ አውቃለሁ» እያላችሁ ቤተሰቡን የምትገፋፉ፣ እባካችሁ ተዉ። ብረት የገባበት እግር አይታሽም። በቀርከሃ ወይም በጨርቅ ተጠፍሮ የሚታሰር እግር ሲያብጥ መሄጃ ያጣል፣ ደሙ ይቆማል፣ ሥጋው ይሞታል፤ በዚህ ሰበብ እግራቸው የተቆረጠ ልጆች በአገራችን ብዙ ናቸው። ቤት ከገባም በኋላ ባቱ እንደ ድንጋይ ከጠጠረ፣ ሕመሙ በመድኃኒት የማይመለስና ጣቶቹን ሲያንቀሳቅሱት የሚብስ ከሆነ፣ ወይም ቁስሉ መግል ካመጣ፣ እስኪነጋ አይጠበቅም፤ ወደ ሆስፒታል ነው።

ስለ ጥየቃውም እንዲሁ። በአንድ ጊዜ ሁለት ሰው፣ በጥየቃ ሰዓት ብቻ። አልጋው ዙሪያ ሕዝብ ከቆመ ቁስል የምትቀይረው ነርስ መግቢያ ታጣለች፤ አጠገቡ ያሉት ታማሚዎችም ዕረፍት ይፈልጋሉ። ኤክስሬዩን ፎቶ አንሥታችሁ አትልቀቁ። ጁስና ሙዝ በብዛት እየተበላሸ ነው፤ ምግብ ማምጣት የሚፈልግ ከእናቱ ጋር ተነጋግሮ እንቁላል፣ ወተት፣ ምስር ወይም መረቅ በተራ ያምጣ። ሲጋራ ማንም እንዳይሰጠው፤ አጥንት የሚገጥምበትን ጊዜ ያራዝማል። ደም ልስጥ ያላችሁን ደግሞ እናመሰግናለን። ለእሱ አሁን አያስፈልገውም፣ ነገር ግን ከ18 እስከ 65 ዓመት የሆናችሁ፣ 45 ኪሎና ከዚያ በላይ የምትመዝኑ ጤነኞች ወደ ደም ባንክ ብትሄዱ በድንገተኛ ክፍል ለተኛው ሌላ ሰው ይደርስለታል። በየ3 ወሩ መስጠት ይቻላል።

ገንዘቡን በተመለከተ፦ የጋራ ሒሳቡ የሚንቀሳቀሰው በሦስት ፈራሚ ነው፤ አንዱ ከኮሚቴው፣ አንዱ ከእድሩ፣ አንዱ ከቤተሰቡ። የሒሳብ ቁጥሩን በአካል ከገንዘብ ያዡ ብቻ ውሰዱ። እንዲህ ያለ ጥሪ ሲወጣ የሌላ ሰው ቁጥር ለጥፈው የሚያዘዋውሩ አይጠፉም። ለእያንዳንዱ ዕቃ ከሦስት ሱቅ ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፤ ፕሮፎርማውና የግዢ ደረሰኙ እድሩ ግቢ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋሉ። ማንኛውም መጠን ይጠቅማል፤ የ50 ብር ስጦታም ደረሰኝ ይቆረጥለታል። ዕቃ የሚወስድ ሰው መታወቂያውን አስመዝግቦ ይወስዳል፤ ኪራይም መያዣም አይጠየቅም። ሲመለስ በሳሙና ታጥቦ፣ በአልኮል ተጠርጎ፣ ጎማውና ቁልፉ ተፈትሾ ነው ወደ መደርደሪያው የሚገባው። የሰፈራችን ሰው ባይሆንም፣ የተቃራኒ ቡድን ተጫዋችም ቢሆን ይሰጠዋል።

መጀመሪያ የሚገዙት ለእሱ ቁመት የሚሆን አንድ ጥንድ ክራንችና አራት ትርፍ ጎማ ናቸው፤ ከሆስፒታል ሲወጣ በእጁ መሆን አለባቸው። አሁን የቆመበትን ክራንች ለክፍሉ መመለስ አለበትና። ዕቃና ገንዘብ የምንቀበለው ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት፣ እሁድ ደግሞ ከጨዋታ በኋላ እድሩ ግቢ ነው። ለጉዞ የምትመዘገቡ ባለ መኪናዎች የሚመቻችሁን ቀንና ሰዓት ጽፋችሁ ኑ፤ የቀጠሮ ወረቀቱ እጃችን ሲገባ ተራውን እናወጣለን።

የቡድኑ ደጋፊዎች ኮሚቴ
አዲስ አበባ